የዶክተር ጸደንያ ጣሳና ጆንያ

ጸደንያ ኃይለ ጊዮርጊስ አባቷን «አባባ» ብላ ጠርታ አታውቅም። እንደ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እሷም የኔታ ነበር የምትላቸው። የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ከብቸና ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። መኖሪያቸውንና ጉባኤያቸውን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ግድግዳው ደግሞ ተሰንጥቋል። ጸደንያ ዛሬ ፕሮፌሰር የምትባልበት የሳይንስ ትምህርት ምርምር የተጀመረው በላብራቶሪ ሳይሆን በዚያ ስንጥቅ ነው። በየመድረኩ ሲያስተዋውቋት ይህን የሚናገር ሰው የለም፤ እሷም ተናግራው አታውቅም።

በቅኔ ቤት ጠዋት ጠዋት ተማሪው ይበተናል። አንዱ ጽድ ሥር፣ አንዱ የመቃብር ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ወንዝ ዳር ብቻውን ይቀመጥና ቅኔ ሲቆጥር ያረፍዳል። መቁጠር ሲባል የሒሳብ እንዳይመስልዎ፤ የራስን ቅኔ በሐሳብ ማውጣትና ማውረድ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ተራ በተራ የኔታ ፊት እየቆመ የቆጠረውን ይናገራል። የኔታ ያፈርሱበታል፣ ያቃኑለታል፣ ሲያስደስታቸው «ይበል!» ይላሉ። የተሳሳተ ልጅ አያስቆጣቸውም፤ ስሕተቱ የራሱ እስከሆነ ድረስ ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረውት ይለፋሉ። የሚያስቆጣቸው ትናንት የተነገረውን ዛሬ ይዞ የሚመጣ፣ ወይም ከጓደኛው የተዋሰውን የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ነው። «ይሄማ ያደረ ነው! ውሰድልኝ!» ብለው ያባርሩታል። እሳቸው ዘንድ ቅኔ አንድ ቀን ተነግሮ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ለማግሥቱ ሌላ መወለድ አለበት።

ጸደንያ ይህን ሁሉ በስንጥቁ እየሰማች አደገች። ሰምታ ሰምታም እንስራዋን አዝላ ወንዝ ስትወርድ የራሷን መቁጠር ጀመረች። አንድ ቀን ድፍረቷን ሰብስባ ጉባኤው ውስጥ ገባችና ከተማሪዎቹ ሰልፍ ጫፍ ቆመች። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተራዋ ሲደርስ የኔታ ቀና ብለው አይዋትና ያለ ቁጣ፣ እንዲያውም በፈገግታ፣ «አንቺን በኋላ» አሏት። አመነቻቸው። በማግሥቱ ሌላ ቆጥራ ቆመች፤ አሁንም «አንቺን በኋላ» አሏት። ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ያ «በኋላ» ግን ቁጣም እምቢታም አይደለምና ምን ብለው ይመልሱለታል? ቅኔዋን በሆዷ እንደያዘች በመንግሥት ትምህርት ቤት ተማረች፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም በእልህ የኔታ ጨርሶ የማያውቁትን ነገር መረጠች። ፊዚክስ።

ተመርቃ የተመደበችው ሞጣ ነበር። ክፍሉ ከመጨናነቁ የተነሳ መስኮት ላይ የሚቀመጥ ተማሪ አለ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የኒውተንን አንደኛ ሕግ የሚያውቅ እንዳለ ብትጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኤ ቦዲ አት ሬስት ሪሜይንስ አት ሬስት!» ብሎ አስተጋባ። የቆርቆሮው ጣራ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

ደስ አላትና «ጎበዞች! ምን ማለት ነው ታዲያ?» አለች።

ተማሪዎቹ አቀርቅረው ደብተራቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

«በአማርኛ ንገሩኛ።»

ከወደ ኋላ አንዱ፣ ልርዳት ብሎ ነው መሰል፣ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ እኮ በአማርኛ አይመጣም» አላት። ልጁ አልዋሸም።

ያን ቀን ምሳ አልበላላት አለ። የቆመ ነገር የሚገፋው ካላገኘ እንደቆመ ይቀራል፤ ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። ጋሪ ገፍቶ፣ አህያ ነድቶ፣ ማገዶ ጎትቶ የሚያውቅ የሞጣ ልጅ ሁሉ እጁ የሚያውቀውን ነገር አፉ በሰው አገር ቋንቋ ያነበንባል። የቤተ ክህነት ልጅ እንኳ ሳይገባው የሚያነበንበው ንባብ ቤት እያለ ነው፤ ኋላ ቅኔ ቤት ይገባና የራሱን ይናገራል። እነዚህ ግን ንባብ ቤት ገብተው ከዚያው ከንባብ ቤት ሊወጡ ነው። ጸደንያ ከዚህ ሐሳብ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። መላ የሥራ ዕድሜዋ ይቺው አንዲት ሐሳብ ናት።

በማግሥቱ መጽሐፉን አስዘጋቻቸውና «ውጡ» አለቻቸው። «ገበያም ሂዱ፣ ቤታችሁም ሂዱ። ነገ ስትመጡ ይህ ሕግ ያለበትን አንድ ነገር በዓይናችሁ አይታችሁ ትመጣላችሁ። እዚህ ቆማችሁ በራሳችሁ አፍ ትነግሩኛላችሁ። ሌላው የተናገረውን የደገመ ይቀመጣል። የተሳሳተ ግን አይቀመጥም፤ አብረን እናቃናዋለን።»

ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹን ገበያ መሐል ሲንከራተቱ አገኟቸውና ጸደንያን ቢሮ ጠርተው ልክ ልኳን ነገሯት። እሷ እቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በማግሥቱም አስወጣቻቸው።

መጀመሪያ ላይ ወግ ያለው ነገር አልመጣም። ግማሹ ያፍራል፤ ግማሹ ከጎረቤቱ ይቀዳል። ተራው የሙሂዲን የሆነ ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ። ሙሂዲን አባቱ ሞጣ ገበያ ላይ እህልና ጨው የሚነግዱ፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ልጅ ነው። ተነሳና ለጫማው የሚያወራ እየመሰለ ጀመረ።

«አባቴ ሱቅ ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ የጨው ጣሳ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ቸኮለና ጆንያውን ከሥሩ መንጨቅ አደረገው። ጣሳው ግን አልወደቀም፤ እዚያው ቀረ።»

«ለምን ቀረ?» አለች ጸደንያ።

ሙሂዲን ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ። «ጆንያው መሄዱን ጣሳው አልሰማማ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጸደንያ አልሳቀችም። ሳታስበው፣ በየኔታ ድምፅ፣ «ይበል!» ብላ ጮኸች። ሙሂዲን ምን እንደተባለ አልገባውም፤ እንደተወደደለት ግን ገብቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ከአይሱዙ ላይ የተወረወረ ሰው፣ ድንገት ስትቆም የጫነችውን ውኃ የምታፈስ አህያ፣ ከእጅ ሾልኮ የሚሄድ ዘነዘና እየተቆጠረ መጣ። ሁለት ልጆች «የኔን ምሳሌ ወሰድክብኝ» ተባብለው ከግቢ ውጪ ተደባደቡ። ጸደንያ ገላጋይ ሆና ስትሮጥ በሆዷ ደስታ ሊገድላት ነበር። ያን ዓመት ሰው የመሆን ጥጋብ ጠገበች። ሌላ እንዲያ ያለ ዓመት አላገኘችም።

ለሁለተኛ፣ ቀጥሎም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ይዛው የሄደችው ይህንኑ ነው። አማካሪዋ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ በሳይንስ ትምህርት ዘርፍ ስማቸው የገነነ፣ ክፉ የማይባሉ ሰው ነበሩ። ረቂቋን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ሌላ ሰው እንዴት አድርጎ ይደግመዋል?»

«እንዳይደገም ነው እኮ ዶክተር። ልጁ በየቀኑ የራሱን አዲስ…»

«ጸደንያ፣ ሳይንስ የሚደገም ነገር ነው። የማይደገመው ተአምር ነው፤ የተአምር ክፍል ደግሞ እዚህ የለንም።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። «እርምጃዎቹን ተራ አስይዘሽ ጻፊ። ጥያቄዎቹን ከነናሙና መልሳቸው አስቀምጪ። መጽሔቶቹም የሚሉሽ ይህንኑ ነው።»

መጽሔቶቹም ያሉት ይህንኑ ነበር። ጽሑፏ በሄደ ቁጥር «ናሙና መልስ የለውም»፣ «ሂደቱ በግልጽ አልተዘረዘረም» እየተባለ ይመለሳል። ጸደንያ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቀጥራ እያስተማረች ዓመታት ተከራከረች። ልጆቹን ከክፍል ማስወጣት እንጂ ልጆቹ የተናገሩትን መጻፍ ዋጋ እንደሌለው ለሰው ሁሉ አስረዳች፤ ሰውም አንገቱን እየነቀነቀ አዳምጦ ያንኑ መልሶ ጠየቃት። እንዲህ ስትል ከእሷ በኋላ የተቀጠሩ ወንዶች ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነው መስኮቱ ሰፊ ወደሆነ ቢሮ ሲዛወሩ እሷ ከደረጃው ሥር ባለች ክፍል ቀረች። ለስብሰባ ሲጠሯት ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ነው። አንድ ቀን ከእነዚያ ወንዶች አንዱ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «አይዞሽ፣ ያንቺም ተራ በኋላ ይደርሳል» አላት። ያቺን ቃል ስትሰማ ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ያን ቀን ተቀምጣ ሁሉንም እንዳሏት አድርጋ ጻፈችው። እርምጃ አንድ፣ እርምጃ ሁለት፣ እርምጃ ሦስት። ከሥሩም ናሙና መልስ አስገባች፤ ከናሙናዎቹ ሁሉ የሚያምረው የሙሂዲን ጣሳና ጆንያ ነበር።

ጽሑፉ በላከችው መጽሔት ወዲያው ወጣ። ስሟ ሁለተኛ ሆኖ ነው የወጣው። ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ፊቷን አይተው፣ «በፊደል ተራ ነው፤ ሀ ከጸ ይቀድማል» አሏት። ሳቀች፤ ምን ታድርግ? በሚቀጥለው ጽሑፍም ፊደሉ ተራውን አልለወጠም። ዘዴው በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ወጣለት፣ ስሙም በአራት ፊደል ታጠረ፣ በአራቱ ፊደል ደግሞ ከውጭ ድርጅት ፕሮጀክት መጣበት። ጸደንያ ዶክተር ተባለች። የመምህራን መመሪያውም አንጸባራቂ ሽፋን ለብሶ ታተመ።

መመሪያው እጇ በገባ ሰሞን ይዛው ብቸና ሄደች። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ፣ ጉባኤያቸውም ሳስቶ ነበር። መጽሐፉን እጃቸው ላይ ስታኖርላቸው ሽፋኑን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእርስዎ ቆጠራና ነገራ ነው፣ የኔታ። ለሳይንስ ትምህርት እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩት። በየትምህርት ቤቱ ሊታደል ነው።»

«ልጆቹ የተናገሩትንም ጻፍሽው?»

«ለናሙና ያህል ነው።»

የኔታ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «እንግዲያ ይደግሙታላ» አሉ።

ጸደንያ ደሟ ፈላ። «ምን ምርጫ ነበረኝ፣ የኔታ? ተናግሬ የሚሰማኝ ሰው ባገኝ መቼ እጽፍ ነበር? እርስዎስ ቢሆኑ መቼ አንድ ቀን አቁመው ሰሙኝ?»

ይህን ያህል ዓመት ይዛው የኖረችው ነገር አምልጧት ወጣ። የምትገባበት ጠፋት። የኔታ ግን አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰበሰብ አድርገው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጉባኤ ላይ እንደሚቀመጡት ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«በይ አሁን ንገሪኝ። እሰማሻለሁ።»

ጸደንያ አፏን ከፈተች። ምንም የለም። እንስራ አዝላ ወንዝ ስትወርድ ይጎርፍላት የነበረው ደርቋል። አፏ ላይ የመጣው ሁሉ ከስብሰባ የተለቀመ፣ በየጽሑፉ ላይ ሲገላበጥ የኖረ ቃል ነው። ያደረ። ገና ዛሬ እንደ ተማሪ ተራዋ ደርሷል፤ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሯቸውን ሰጥተዋታል።

«ዛሬ የለኝም፣ የኔታ» አለች።

«እንግዲያ ሌላ ቀን» አሏት ቀስ ብለው። በዚያው ዓመት ክረምት ሳይወጣ ዐረፉ። ጸደንያ ቀብራቸው ላይ ያለቀሰችውን ልቅሶ ያየ ሁሉ አባት ወዳድ ናት አለ።

መመሪያው እሷን አስከትሎ በየወረዳው ዞረ። ሥልጠና ይባልና መምህራን ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ጸደንያ ስክሪን ላይ እርምጃዎቹን እያሳየች ትናገራለች፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ካለ ስትል አንዱ እጁን ያወጣና «ይህ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ይላታል። የዛሬ ስንት ዓመት ሞጣ ላይ የሰማችው ልጅ ጎልምሶ መምህር ሆኖ የመጣ ይመስላታል። በልቧ ግን አንድ ተስፋ ነበራት። ሌላው አገር ቢያበላሸው ሞጣ አያበላሸውም። ሞጣ ሙሂዲን አለ። ያ ዓይን አፋር ልጅ ፊዚክስ ተምሮ፣ እሷ ባስተማረችበት ትምህርት ቤት፣ እሷ ባስተማረችበት ክፍል መምህር ሆኗል።

የፕሮፌሰርነት ጥያቄዋ ቀርቦ፣ የቀረው ሥራዋ ለሕዝብ ያመጣው ፍሬ መታየቱ ብቻ ነው በተባለበት ጊዜ የፕሮጀክቱ ሰዎች ዘዴው የተወለደበትን ክፍል ልናይ፣ በካሜራም ልናስቀር እንፈልጋለን አሉ። ጉብኝቱ ካማረ ፕሮጀክቱ ይቀጥላል፤ ማዕረጉም ይጸድቃል። ጸደንያ ማዕረጉን አትፈልገውም ማለት ውሸት ነው፤ አምርራ ትፈልገዋለች። ከዚያ ይበልጥ የምትፈልገው ግን አንድ ልጅ ብድግ ብሎ ከዚያ በፊት ማንም ያልተናገረውን ሲናገር አንድ ጊዜ እንደገና መስማት ነበር። ያን ከሰማች የጻፈችው ሁሉ ይቅር ይባልላታል፤ የኔታም ተሳስተዋል ማለት ነው።

ያን ዓመት በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሞ ነበር። ተከፈተ በተባለ ሰሞን በማለዳ ከብቸና ተነሱ። ሾፌሩ ፋንታ ደብረ ወርቅን አልፈው ጉንደ ወይን እስኪደርሱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግመው። «ዶክተር፣ መሄዱን እንሂድ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ይህን መንገድ አላምነውም።»

ሙሂዲን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ጢሙ ሸበት ጣል አድርጎበት፣ ሱፍ ለብሶ። በዶክተርነት የማይጠራት ሰው በዓለም ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

«ቲቸር! እንኳን በደህና መጡልን! ሳምንቱን ሙሉ ስንዘጋጅ ነው የከረምነው።»

ስንዘጋጅ የሚለውን ቃል አልወደደችውም።

ክፍሉ ተወልውሏል። ሦስቱ እርምጃዎች በትልልቅ ፊደል በቀለም ግድግዳው ላይ ተጽፈዋል። ተማሪዎቹ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሙሂዲን ከፊታቸው ቆመና እጁን አነሳ።

«እርምጃ አንድ!»

«እንወጣለን!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«እርምጃ ሁለት!»

«እናያለን!»

«እርምጃ ሦስት!»

«ቆመን በራሳችን አፍ እንናገራለን!»

ከመቀመጫው የተነሳ አንድም ልጅ የለም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሙሂዲን ቀጠለ፣ «ጣሳው ለምን ቀረ?»

«ጆንያው መሄዱን ጣሳው አልሰማም!»

ጣራው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ጸደንያ ያን ጩኸት ታውቀዋለች። «ኤ ቦዲ አት ሬስት» ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጥቶ ነው እንጂ። ከእነዚህ ልጆች መካከል በዕድሜው በጣሳ ጨው ሲሰፈር ያየ መኖሩንም እንጃ። ልትቆጣ ሙሂዲንን አየችው። ከንፈሩ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በልጅነቱ ቁርኣን በቃሉ በያዘበት ፍቅርና ጥንቃቄ የእሷን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። የመምህሩን ቃል ያከበረ ተማሪ ሌላ ምን ያደርጋል? ያቺ የጣሳ ነገር የራሱ እንደነበረች እንኳ የረሳ ይመስላል፤ ታትማ መጥታለታለችና የእሷ ሆናለች። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «አንዲት ቃል አልዘለልኩም፣ ቲቸር» አላት።

በማን ትፈርዳለች? አልፈረደችም። አመሰገነችው።

የካሜራው ሰው ካሜራውን ወደ ጸደንያ ማዞር ሲጀምር፣ ከመሐል ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሙሂዲን ራሱን ነቀነቀባት። ልጅቱ ግን ብድግ አለች።

«ማን ነው ስምሽ?» አለች ጸደንያ።

«ሰሎሜ። እኔ… እቤት ሞክሬው ነበር። ጣሳ አጥቼ በኩባያ ነው የሞከርኩት። መንጨቅ ሲያደርጉት እውነትም እዚያው ይቀራል። ቀስ ብለው ሲስቡት ግን ከጆንያው ጋር አብሮ ይሄዳል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ታዲያ ቀስ ሲሉት ነው የሚሰማው?»

ሙሂዲን በኃፍረት ፊቱ ቀላ። «ይሄ መመሪያው ላይ የለም፣ ሰሎሜ። እንግዶቹ ሊሄዱ ነው፤ ቁጭ በይ።»

ጸደንያ ወደ ልጅቱ አንድ እርምጃ ተራመደች። መጣ! ስትጠብቀው የኖረችው መጣ። ልጅቱ ወጥታለች፣ አይታለች፣ ቆማ በራሷ አፍ ተናግራለች፤ የተጻፈውን ናሙና ራሱን ይዛ አፍርሳዋለች። ጥያቄው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ ጆንያና ኩባያ አስመጥቶ፣ አንዴ በቀስታ አንዴ በፍጥነት እያስሳበ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚያስለፋ ጥያቄ ነው። «ይበል!» የምትለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደርሳ ነበር።

በሩ ላይ ፋንታ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ቆሟል። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሰዓታቸውን አይተው፣ «ዶክተር፣ የመዝጊያ ንግግርዎን እንቅረጽና እንንቀሳቀስ» አሏት። ካሜራው ወደ እሷ ዞሯል። ሰሎሜ አሁንም ቆማለች፤ ዓይኗን አልነቀለችባትም።

«ጎበዝ» አለቻት ጸደንያ። ፈገግም አለችላት። «አንቺን በኋላ።»

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ያውም በየኔታ ድምፅ። ልትመልሰው ፈለገች፤ ነገር ግን ንግግሩን ጀምሪ የሚለው ምልክት ተሰጥቷት አፏ የለመደውን እያወረደ ነበር። የሕፃናት ጥያቄ፣ የነገ ተስፋ፣ የባለድርሻ አካላት ምስጋና። ሰሎሜ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አልከፋትም። አምናታለች፤ ጸደንያን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይህ ነው።

ሲመለሱ ጉንደ ወይን ሳይደርሱ «ፋንታ፣ አቁምልኝ፤ እንመለስ» አለችው። ፋንታ በመስተዋቱ አያትና፣ «ዶክተር፣ ማን ያስመልሰናል?» ብሎ ነዳጁን ረገጠ። ደግማ አልለመነችውም።

ማዕረጉ ጸደቀ። ዩኒቨርሲቲው ድግስ ደገሰላት፤ በጡረታ ላይ ያሉት ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ሳይቀሩ መጥተው ስለ እሷ ጽናት ረጅም ንግግር አደረጉ። በሞጣ ቀረጻ ላይ ተማሪዎቹ «በራሳችን አፍ እንናገራለን!» ሲሉ ታዩ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰሎሜ የተናገረችው ቪዲዮው ላይ የለም፤ ካሜራው ያኔ ወደ ጸደንያ ዞሮ ነበርና።

ሞጣ ግን አልተመለሰችም። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ ተባለ። የሰሎሜን ጥያቄ መልስ ጽፋ ለመላክ ስንት ጊዜ ተቀምጣ ቀደደችው፤ ከጻፈችው ምን እንደሚሆን ታውቃላ። ዓመት አልፎ ስልኩ መሥራት ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን ደወለች።

«ቲቸር!» አለ ሙሂዲን፤ ከኋላው የተማሪ ጫጫታ ይሰማል። «እንኳን ደስ አለዎት! ሰምተን ምን ያህል እንደኮራን!»

«ሙሂዲን፣ ያቺ ልጅ እንዴት ናት? ያቺ የጠየቀችው።»

«ሰሎሜ?» አለ። «እሷማ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ ዳሯት፣ ቲቸር። ጉንደ ወይን ናት አሉ።»

ጸደንያ ስልኩን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ያኔ ፋንታን እንመለስ ያለችው እዚያው ጉንደ ወይን አጠገብ ነበር። ሙሂዲን ሊያስደስታት ቸኮለ።

«ጥያቄዋን ግን አልጣልኩትም። እርስዎ ጎበዝ ስላሏት ናሙናው ላይ ጨመርኩት። ትምህርት ከጀመርን ወዲህ ክፍሉ በሙሉ በቃሉ ይዞታል። ይስሙ እስቲ!»

ስልኩን ወደ ክፍሉ አዞረው መሰል፣ ያ የምታውቀው ጩኸት በአንድ ድምፅ መጣ። «ታዲያ ቀስ ሲሉት ነው የሚሰማው!»

«መልሱንስ?» አለች ጸደንያ።

«መልሱንማ እርስዎ እስኪልኩልን እየጠበቅን ነው፣ ቲቸር» አላት ሙሂዲን።